ኮልፌ የተሠራው የቁስል ልብስ

ከኮልፌ ከተመለስኩ ወዲህ ደምበጫ ውስጥ የፈለግሁበት ቦታ ቶሎ ደርሼ አላውቅም። ወፍጮ ቤት፣ ጤና ጣቢያው በር ላይ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ያገኘኝ ሁሉ ያስቆመኛል። ያቺ ልጅ ምን ሠራች፣ በዓይንሽ አይተሽ መጣሽ ወይ ነው ጥያቄው። ለአንዱ የነገርኩትን ለሌላው ስደግመው ግን አንዱን እየዘለልኩ፣ ሌላውን እያሳመርኩ መጣሁ። ነገሩ ሳይበላሽ ልጻፈው ብዬ የተቀመጥኩት ለዚህ ነው። አዲስ አበባን አይቶ ለማያውቅ ሰው ከተማዋን ላሳየው አልችልም። ሙዚየም አልገባሁም፣ ቤተ መንግሥት በር ላይ አልቆምኩም። ያየሁት አንድ ግቢ፣ አንድ ገበያና አንድ ክሊኒክ ነው፤ የቀረው ሁሉ ታክሲ ነው።

ለማያውቁኝ፣ እኔ ነርስ ነኝ። የሥራ ዘመኔን የፈጀሁት ቁስል በማጠብና በማሸግ ነው። ሰው እጇ ቀላል ነው ይለኛል። ቀላል እጅ ግን ጎዝ፣ ያ ስስ የቁስል ጨርቅ፣ ደርቆ ቁስል ላይ ሲጣበቅ ምንም አያደርግም። በጨው ውሃ ብታርሱት፣ ቀስ ብላችሁ ብታነሱት፣ አዲስ የበቀለውን ስስ ቆዳ ይዞት ይነሳል። ትናንት የዳነውን ዛሬ እኛው መልሰን እናቆስለዋለን። ብዙ ታካሚ ከቁስሉ ይበልጥ የሚፈራው ቁስሉ የሚታሸግበትን ቀን ነው።

የእህቴ ልጅ ህሊና ያደገችው እኔ ቤት ነው። እናቷ ያረፈችው ልጅቷ ገና ትምህርት ቤት ሳትገባ ስለሆነ እኔን እቴቴ እያለች፣ ቀሚሴን እየያዘች አደገች። ኬሚካል ምህንድስና ተምራ አሁን ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ ከአንድ ጓደኛዋ ጋር ቁስል ላይ የማይጣበቅ መሸፈኛ ትሠራለች። ጄል ይሉታል። ከባሕር ሣር የሚገኝ ዱቄትና ተልባ ሲዘፈዘፍ የሚያወጣው ያ ዝልግልግ ነገር ተቀላቅሎ፣ ረግቶ፣ እርጥብ ቅጠል የመሰለ ነገር ይሆናል። በስልክ ስታስረዳኝ ግማሹ ነው የገባኝ። «እቴቴ፣ ቁስል የሚያውቅ እጅ እፈልጋለሁ። የመርካቶ ተልባ ደግሞ የተደባለቀ መሰለኝ፤ የአገራችንን ንጹሕ ተልባ ይዘሽልኝ ነይ» አለችኝ። የዓመት ፈቃዴን ጠየቅሁ።

ሰኞ

መንገዱ ክፍት ነው የሚል ወሬ በሰማን ማግስት ማለዳ ተነሳን። የተልባውን ጆንያ አውቶቡሱ ጣራ ላይ እንስቀለው ቢሉኝ እምቢ አልኩ፤ እግሬ ሥር አደረግሁትና እስከ ደጀን ድረስ ጉልበቴ አገጬ ሥር ሆኖ ተጓዝኩ። ደጀን ላይ ፍተሻ አለ ተብሎ ሁላችንም ወረድን። አንድ ወጣት ወታደር ጆንያዬን ፈትቶ ክንዱን እስከ ክርኑ ሰደደበት።

ምን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ተልባ ነው አልኩት። ይህን ሁሉ ማን ሊጠጣው እንደሆነ ቢጠይቀኝ ለቁስል ነው ብዬ መለስኩ። ይስቅብኛል ስል የግራ እጁን አሳየኝ። አውራ ጣቱ በቆሸሸ ጨርቅ ተጠቅልሏል። ቦርሳዬ ውስጥ ጎዝና መድኃኒት አይጠፋም፤ እዚያው መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ አስቀምጬ አጠብኩለት፣ አሸግሁለት። ሹፌሩ ጡሩምባውን እየነፋ ነበር። ልጁ ጆንያውን ራሱ አስሮ፣ ተሸክሞ አውቶቡሱ ውስጥ አስገባልኝ።

አባይ በረሃ እንደምታውቁት ነው፤ የፍሬኑ ሽታ፣ ሙቀቱ፣ የተሳፋሪው ዝምታ። አጠገቤ የነበረችው ሴትዮ ብርቱካን ልጣ ግማሹን ሰጠችኝ። ጎሃ ጽዮን ምሳ በላን። ሱሉልታ ስንደርስ ግን ያ ሙቀት የሌላ አገር ሆነና ጋቢዬን ተከናነብኩ።

አውቶቡስ ተራ ላይ ህሊና ከጓደኛዋ ከከድር ጋር ቆማ ጠበቀችኝ። ከድር ተወልዶ ያደገው ኮልፌ ነው፤ ቤተሰቦቹ ከስልጤ ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግሩ ፈጣን ነው። የብረትና የማሽኑ ሥራ የእሱ፣ የኬሚካሉ የህሊና ነው። ጆንያውን ከእጄ ነጥቆ ትከሻው ላይ አደረገው። የታክሲው ረዳት ለጆንያውም ይከፈላል ሲለው ከድር ፈገግ ብሎ፣ ጆንያዋ ራሷ ከጎጃም ድረስ የመጣች እንግዳ ናት፣ ከመካከላችን የደከማት እሷ ናት ብሎ አሳቀው።

ያረፍኩት ወይዘሮ ዘርፌ ግቢ ነው። ወይዘሮ ዘርፌ የእኔ እኩያ ናት፤ ጉራጌ፣ ባሏ የሞተባት፣ ጴንጤ። ልጆቹ የሚሠሩበት ክፍል የእሷ ሰርቪስ ቤት ነው። ራት አብልታኝ ስታበቃ የራሷን አልጋ አሳየችኝ። አይሆንም ብዬ ብከራከር፣ እሷ ለካ ብርድ ልብሷን ሶፋው ላይ አንጥፋ ነጠላ ጫማዋን ሥሩ አሰልፋለች። «ሲስተር፣ እርስዎ ከሩቅ የመጡ ነዎት። እኔ ከሶፋዬ የመጣሁ ነኝ» አለችኝ። እኛ አገር እንግዳ ይከበራል እላለሁ ሁልጊዜ። ኮልፌ ላይ ይህን ቃል ትንሽ ዝቅ አድርጌ መናገር ጀመርኩ።

ማክሰኞ

ጠዋት የነቃሁት በመዝሙር ነው። ወይዘሮ ዘርፌ ሳሎን ሆና በዝግታ ትዘምራለች። እኔም ዳዊቴን አውጥቼ ክፍሌ ውስጥ ደገምኩ። ሁለታችንም ስንጨርስ ቁርስ ቀረበ፤ ማንም ስለማንም ምንም አላለም።

የልጆቹ ክፍል ከበሩ ጀምሮ ሌላ ዓለም ነው። ግድግዳው በነጭ ሴራሚክ ተሸፍኗል፤ ጫማ ይወልቃል፣ ፀጉር ይሸፈናል፣ እጅ እስከ ክርን ይታጠባል። ከአጥሩ ማዶ ብረት ይቆረጣል፣ በር ይበየዳል፣ ነጋዴ ይጮኻል፤ እዚህ ውስጥ ግን አቧራ የለም። የእኛን የማሸጊያ ክፍል አስቤ ትንሽ ቀናሁ።

ህሊና ተልባውን በሞቀ ውሃ ዘፈዘፈች። ውሃው እየወፈረ ሲመጣ በጨርቅ አጣርታ ወሰደችው። ዱቄቱን ትልቅ የማይዝግ ብረት በርሜል ውስጥ ጨምራ ከድር ያሠራውን ማደባለቂያ ሞተር ለቀቀችበት። ከዚያ ትሪ ላይ ፈሰሰ፣ ካልሲየም ያለበት ውሃ ተረጨበት። ያን ማየት ደስ ይላል፤ ፈሳሽ የነበረው ነገር ዓይናችሁ እያየ ይረጋል። ሲታጠብ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ለስላሳና ቀዝቃዛ ስስ ንጣፍ ሆነ።

ነገሩ የት እንደደረሰ ያኔ ነው በደንብ የነገሩኝ። በትንሽ በትንሹ የሠሩት ጄል በላቦራቶሪ ተመርምሯል፣ በእንስሳት ላይ ተሞክሯል። ፈቃድ የሚሰጠው ኮሚቴ በዘነበወርቅ በኩል ባለ አንድ የቁስል ክሊኒክ፣ ፈቃደኛ በሆኑ ጥቂት ታካሚዎች ላይ እንዲጀመር ተስማምቷል። ለዚህ ግን ሰፋ ያለ ጄል በብዛት መሥራት አለባቸው። በዚህ ሳምንት ናሙና ለምርመራ ካላስገቡ ክሊኒኩ ተራቸውን ለሌላ ይሰጣል። ትልቁን መሥራት ከጀመሩ ወዲህ ደግሞ አንድ ነገር ተበላሽቷል። ምኑ እንደሆነ ህሊና አልነገረችኝም። «አንቺ ያዢውና ንገሪኝ» ብቻ አለችኝ።

መቆንጠጫ ይዤ የጄሉን ጫፍ አነሳሁ። ሰው ላይ እንደማደርገው ክንዴ ላይ አለበስኩትና ክርኔን አጠፍኩ። ተሰነጠቀ። ሌላ አነሳሁ። እሱም ከመሐሉ ተቀደደ። ለልጄ ብዬ ልዋሽ አልችልም፤ ቁስል አይዋሽለትም።

«ሰው ክንዱን ማጠፉ አይቀርም። ይህ ቁስል ውስጥ ቢበጣጠስ አንድ በአንድ ስለቅም ልውል ነው» አልኳት።

ህሊና ራሷን ነቀነቀች። ጥፋቱን በመርካቶው ተልባ ነበር ያሳበቡት፤ የእኔ ተልባ ያድነናል ብለው ጠብቀው ነበር። ተልባው መልካም ነበር፣ ጄሉ ግን ያው ሆነ። ከድር ሞተሩን አጥፍቶ የተቀደደውን ሰበሰበ። የዚያን ቀን ምሳ ማንም በደንብ አልበላም።

ረቡዕ

ጾም ነው። ወይዘሮ ዘርፌ እንደማትጾም አውቃለሁና ምሳ ስትጠራኝ አልፈልግም ልላት ነበር። ጠረጴዛው ላይ ግን ቅቤ ያልነካው ሽሮ በአዲስ ድስት ቀርቧል። የእሷ ድስቶች ሁሉ ቅቤ የለመዱ ስለሆኑ ለእኔ ጾም ብላ ገበያ ወርዳ የገዛችው ነው። ደምበጫ ውስጥ ጴንጤ እንግዳ ቢመጣብኝ ይህን ያህል አስብለት እንደሆነ ራሴን ጠየቅሁ።

ልጆቹ እንደገና ጀመሩ። ዱቄቱ ውሃው ውስጥ ገብቶ፣ ሞተሩ መዞር እንደጀመረ መብራት ጠፋ። እኛ አገር መብራት ሲጠፋ ሻማ ይፈለጋል፤ እዚህ ግን ህሊና ፊቷ ተለወጠ። ዱቄቱ ካልተማሰለ ይጓጉላል፣ ከጓጎለ ይጣላል፤ የቀራቸው ዱቄት ደግሞ ከውጭ የመጣና በቀላሉ የማይተካ ነው። ከድር ረጅሙን የብረት ማንኪያ አጥቦ በእጁ ማማሰል ጀመረ። ሲደክመው ህሊና ተቀበለችው፣ ከእሷ እኔ ተቀበልኩ። ነገሩ እየወፈረ ሲመጣ ክንዴ እሳት ሆነ።

ወይዘሮ ዘርፌ በመስኮቱ አየችን። ፀጉሯን ሸፍና፣ እጇን ታጥባ፣ ጓንት አጥልቃ ገባችና፣ ገንፎ ያገነፋሁበት ክንድ ነው፣ ስጡኝ አለች። አቀርቅራ፣ ሳትቸኩል፣ ከሥሩ እየጠራረገች አማሰለችው። ጎረቤቶቿ ወደ ጸሎት ኅብረት ሊወስዷት መጥተው በር ላይ ቆሙ። ዛሬ እዚሁ ሆናችሁ ጸልዩ አለቻቸው፤ እነሱም ግቢው ውስጥ ቆመው ጸለዩ። ከድር ከሰገደበት ሲመለስ ያገኘው ይህን ነው፦ እኔ በአንድ በኩል በልቤ የእመቤቴን ስም እጠራለሁ፣ እነሱ በሌላ በኩል ይጸልያሉ፣ በርሜሉ መሐላችን አለ።

ጥቅጥቅ ያለው ፈሳሽ ትሪ ላይ ፈሶ፣ ረግቶ፣ ታጠበ። መብራቱ ገና አልመጣም ነበርና ህሊና ጄሉን ለማየት ወደ መስኮቱ ወሰደችው። ብርሃን ላይ ይዛው አገላበጠችው። ከዚያ የትናንቱን ቁራጭ አምጥታ ጎን ለጎን ያዘችው። የትናንቱ ውስጥ እንደ አሸዋ የደቀቀ የአየር አረፋ ሞልቶበታል። የዛሬው ጥርት ያለ ውሃ ይመስላል።

«አረፋው ነው። ሞተሩ በጣም ፈጥኖ አየር እያስገባበት ነው። የሚቀደደው በአረፋዎቹ በኩል ነው። እኔ ተልባውን ስከስ የከረምኩት በከንቱ ነው» አለች።

ክንዴ ላይ አለበስኩት። ክርኔን አጠፍኩ፣ ዘረጋሁ፣ ደግሜ አጠፍኩ። እንዳለ አለ። በአንድ ጫፉ ይዤ ባንጠለጥለውም አልተቀደደም። ብዙ ነገር የያዘ እጅ ነው ያለኝ፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን ይዤ አላውቅም። ያንን ያደረገችው ደግሞ እኔ ቤት በኩራዝ ብርሃን ያጠናች ልጅ ናት።

ሐሙስ

ሁልጊዜ በእጅ ማማሰል አይቻልም፤ ሞተሩ ቀስ ማለት አለበት። ከድር የሞተሩን ፑሊ፣ ቀበቶው የሚዞርበትን መንኮራኩር፣ ሊያስቀይር ኮልፌ ገበያ አጠገብ ብረት ወደሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት ሲሄድ አብሬው ወጣሁ። የኮልፌን ገበያ ለእናንተ እንዴት ልንገራችሁ? የእኛ ቅዳሜ ገበያ ሳምንቱን ሙሉ ሳይበተን፣ ላዩ ላይ ቆርቆሮ ተጥሎበት፣ መሐሉን ታክሲ ቢያቋርጠው ነው። በአንድ ጎን በርበሬ፣ በአንድ ጎን የአልጋ ብረት፣ ቀጥሎ ጫማ ሰፊ፣ ቀጥሎ የቁም ሣጥን ሠሪ። ከድርን የማያውቀው የለም። ለቁስል የሚሆን ማሽን ነው ሲለው የቶርኖው ባለቤት የያዘውን ሥራ አቆመና ፑሊውን አስቀድሞ ሠራለት። እናቱ እግሯ ላይ የማይድን ቁስል ኖሯት እንደሞተች ነገረን፤ ከዚያ በኋላ ሥራው ላይ አቀረቀረ።

እኔ ቀድሜ ልመለስ ብዬ ብቻዬን ታክሲ ተሳፈርኩ። መውረጃዬ ሲደርስ «ወራጅ አለ» ማለት እንዳለብኝ ተነግሮኛል። አልኩም፤ ግን ደምበጫ ባጃጅ ውስጥ እንደምለው፣ ለራሴ ብቻ በሚሰማ ድምፅ። ታክሲው አልፎኝ ሄደ። ደግሜ ለማለት አፍሬ እስከ መጨረሻው ፌርማታ ተወሰድኩ። አጠገቤ የተቀመጠች የኮሌጅ ተማሪ ነገሩ ገብቷት አብራኝ ወረደች፤ እጄን ይዛ መንገድ አሻግራ የመልሱ ታክሲ ላይ አሳፈረችኝ። ለረዳቱም፣ እማማን አጠና ተራ ሳታወርዳቸው እንዳታልፍ ብላ አስጠነቀቀችልኝ። ቤት ስደርስ ከድር ፑሊውን ይዞ ቀድሞኝ ገብቷል። ወይዘሮ ዘርፌ ታሪኩን ሰምታ እስክታነባ ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሲስተር ማለቷን ትታ በስሜ ውዴ አለችኝ፤ እርስዎም ቀረ።

ዓርብ

በአዲሱ ፑሊ የተሠራው ጄል እንደ ረቡዕ ዕለቱ ጥርት አለ። ቆረጥነው፣ በከረጢት አሸግነው። በአንድ ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ከጀርም ነጻ ተደርጎ፣ ንጽሕናው ተመርምሮ ነው ክሊኒክ የሚገባው። ህሊናና ከድር ናሙናውን ይዘው ሲወጡ ወይዘሮ ዘርፌና እኔ በር ላይ ቆመን ሸኘናቸው፤ ፈተና እንደሚሄዱ ልጆች።

እኔ ቅዳሜ ልመለስ ነበር። ማምሻውን ግን ወደ ጎጃም የሚወስደው መንገድ ተዘግቷል ተባለ። የት ላይ፣ እስከ መቼ፣ የሚያውቅ አላገኘሁም።

የጠበቅሁባቸው ቀናት

እነዚህን ቀናት በቀን አልከፍላቸውም፤ ይመሳሰላሉ። ወደ ጤና ጣቢያው ደውዬ ፈቃዴን አስረዘምኩ። ዝናብ ጣለ፤ የኮልፌ ጭቃ ከደምበጫ ጭቃ ጋር ሲወዳደር ስስ ነው፣ ግን ብዙ ሰው ይረግጠዋል። ሳንሱሲ የሚባል ሰፈር ያለች የአገራችንን ልጅ ጠይቄ ተመለስኩ። እሷ ዘንድ አንድ ሌሊት እንዳድር ብትለምነኝም ልቤ ኮልፌ ነበር።

ዘርፌ ቡላ አገነፋችልኝ፣ እኔ የእኛን አገር የተልባ ፍትፍት ሠራሁላት። ስለ ባሎቻችን አወራን። ልጆቹ ግን ሥራ ሠርተው ሲጨርሱም ሻይ ይዘው ስልካቸውን ያያሉ፣ ላቦራቶሪው ይደውል እንደሆነ። ህሊና ከሳች። አንድ ቀን ሳህን እያጠበች፣ ባይሆን እንኳ እንደገና እንሠራዋለን አለችኝ። ሳልጠይቃት ነው የተናገረችው፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሷ እንደሆነ ገባኝ።

ውጤቱ የመጣው ከድር ቶርኖ ቤት ሳለ ነው። ህሊና ስልኩን ዘግታ ወደ ግቢው ወጣችና ዘርፌን አቀፈቻት፤ ቀጥሎ እኔን። አልፏል። ክሊኒኩ ሰኞ ይጀመር አለ።

ሰኞ

የክሊኒኩ ሐኪም ደንቡን ነገረችን። ጄሉን የሠሩት ሰዎች ቁስሉ ሲታሸግ ክፍል ውስጥ መግባት የለባቸውም፤ የሚመዘገበው ውጤት ላይ የእነሱ ዓይን እንዳይኖርበት ነው። እኔ ግን ነርስ ስለሆንኩ፣ ታካሚው ከፈቀደ ቆሜ ማየት እችላለሁ። ከድር ከማሽኑ ጋር ግቢ ቀርቷል፤ ህሊና ኮሪደሩ ጫፍ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች።

መጀመሪያ ፈቃደኛ የሆነው ሽመልስ ይባላል፤ ከኮልፌ መርካቶ የሚሠራ የሚኒባስ ሹፌር ነው። የፈላ ራዲያተር ከፍቶ ቀኝ ክንዱና እጁ ተቃጥሏል። ትልቅ ሰው ነው፤ በሩን ሞልቶ ነው የገባው። ገና አልጋው ላይ ሳይቀመጥ ግን ላብ ላብ ብሎታል። ሐኪሟ ስለ ጄሉ ሁሉን ነግራው እንደፈረመ ቢታወቅም ደግማ ጠየቀችው። እሺ አለ፤ ከዚያ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ይህ እጅ መሪ ይይዛል?»

ሐኪሟ ተስፋ አልሸጠችለትም። ቁስሉ ሳይቀደድ ከዳነ፣ እሱም ጣቶቹን ከወዲሁ ካንቀሳቀሰ ይይዛል አለችው። እየተቀደደ ከዳነ ቆዳው ይኮማተራል፣ ጣቶቹም ይታሠራሉ።

አዲሱን ለማልበስ አሮጌው ጎዝ መነሳት አለበት። የክፍሉ ነርስ አስቴር እጇ ጥሩ ነው፤ ብዙ ውሃ አፈሰሰችበት፣ ታገሠች። ጎዙ ግን ተጣብቋል። ሽመልስ መጀመሪያ የጃኬቱን ኮሌታ ነከሰ። በኋላ መንከሱም አልበቃው አለና ጮኸ። ስንት ዓመት የሰማሁት ጩኸት ነው፤ እዚያም ያው ነው። ክንዱ ደማ። ስንጨርስ አስቴር ከረጢቱን ቀድዳ ጄሉን አለበሰችው። ሽመልስ ዓይኑን ገልጦ አየው።

«ቀዝቃዛ ነው» አለ።

ስወጣ ህሊና ሁለት እጇን ጭኗ መሐል ቀብራ፣ አቀርቅራ ተቀምጣለች። ጩኸቱን ሰምታዋለች። ያ የአሮጌው ጎዝ ነው፣ የአንቺ አይደለም አልኳት። የእኔስ እንደዚያ እንደማይሆን በምን አውቃለሁ አለችኝ።

ሐሙስ

መንገዱ ተከፍቶ ለዓርብ ትኬት ይዣለሁ። የመመለሻውን ጉዞ እዚሁ ላይ ልጨርሰው። ዘርፌ ያሰናዳችልኝ ስንቅ ለአውቶቡሱ ሁሉ በቃ፤ ያን የጾም ድስት ደግሞ በነጠላ ጠቅልላ በግድ አስያዘችኝ፤ አሁን ደምበጫ ምድጃዬ ላይ አለ። በረሃውን ወረድን፣ ወጣን፣ ደረስን። ለመንገር የምፈልገው ግን ከዚያ በፊት የነበረውን ይህን ሐሙስ ነው።

ሽመልስ ጄሉ ሊቀየርለት ተመልሶ መጣ። እንደ ሰኞው ላብ ብሎታል፤ ኮሌታውንም ገና ሳይነካ ነከሰው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና ዓይኑን ጨፈነ።

«ልትጀምሩ ስትሉ ንገሩኝ» አለ።

ራስጌው ሄጄ ስለ ሥራው ጠየቅሁት። መጀመሪያ በአንድ በአንድ ቃል ነበር የሚመልስልኝ። ስለ ታክሲው ስነግረው፣ ድምፄ አንሶ እስከ መጨረሻው ፌርማታ እንደተወሰድኩ ስለው፣ ኮሌታውን ከአፉ አወጣ። ጥፋቱ የረዳቱ ነው አለኝ፤ እሱ ረዳት ሲቀጥር አስቀድሞ የሚፈትነው ጆሮውን ነው። ስለ መስመሩ፣ ጠዋት ስለሚሰለፈው ሰው፣ አሮጊቶችን ሳይጠሩት ስለሚያቆምላቸው ቦታ ነገረኝ። እሱ እያወራ አስቴር የላዩን ፋሻ ፈታች። በመቆንጠጫ የጄሉን አንድ ጫፍ ያዘችና አነሳችው። አልተጎተተም። ሳይቀደድ፣ ሳይደማ፣ እርጥብ ቅጠል ከድንጋይ ላይ እንደሚነሳ ተነሳ። ሥሩ ያለው ቁስል ሮዝ ነው፣ ንጹሕ ነው፤ በዳርና ዳር አዲስ ቆዳ ተዘርግቷል። አስቴር ቀና ብላ አየችኝ። ሁለታችንም የዚህ ሥራ ሰዎች ነን።

ሽመልስ አሁንም ግድግዳውን እያየ ስለ ሳምንት መጨረሻ ሥራ ይነግረኛል። አስቴር ትከሻውን ነካ አደረገችው።

«ተነስቷል» አለችው።

ዞሮ ክንዱን አየ። ቁስሉን አየ፣ ትሪው ላይ ያለውን ጄል አየ፣ እንደገና ክንዱን አየ። ከዚያ ጣቶቹን አንድ በአንድ ማጠፍና መዘርጋት ጀመረ፣ ቀስ ብሎ፣ የሰው ንብረት እንደሚነካ። አስቴር አዲሱን አለበሰችለት።

እኔ ቀድሜያቸው ወጣሁ። ህሊና ከአግዳሚው ተነስታ ወደ በሩ ተጠግታለች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«ሰረዙት?» አለችኝ። «ድምፅ የለም፤ ለምን አልጀመራችሁም?»

«ጨርሰናል» አልኳት።

መጀመሪያ አልገባትም። በሩን አየች፣ እኔን አየች። ከዚያ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለችና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች። ከልጅነቷ ጀምሮ ስታለቅስ ድምፅ የላትም፤ ትከሻዋ ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው። አጠገቧ ቆሜ ጀርባዋ ላይ እጄን አኖርኩ።

ሽመልስ ክንዱ በነጭ ፋሻ ታሽጎ ከክፍሉ ወጣ። ህሊናን ከዚያ በፊት አይቷት አያውቅም፤ ማን እንደሆነችም የነገረው የለም። አለፈንና፣ ቆም አለና፣ ተመለሰ። ያን ትልቅ ቁመቱን አጥፎ ፊቷ ደረሰ።

«እህቴ፣ ተራሽን እየጠበቅሽ ነው? አትፍሪ» አላት። «አሁን አዲስ ነገር አምጥተዋል። አያምም።»

ህሊና እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ቀና ብላ አየችው።

«እሺ» አለችው።